እጅ በራስ ያስጫነው ጨዋታ

ተረት ተረት።

«ጆሯችን ክፍት።»

እንደሱ ነው። ግን ከዚያ ጥግ ያልመለሰ ሰው አለ። እንቅልፉ የመጣ ሄዶ ይተኛ፤ እኔ ለግድግዳ አላወራም። ደግማችሁ መልሱልኝ። ተረት ተረት።

«ጆሯችን ክፍት።»

በድሮ ዘመን፣ የእናቴ እናት እንኳ ባልተወለደችበት ዘመን፣ ግራር አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። ሰዎቿ ክፉዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ደህና ሰዎች ነበሩ። ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። ብቻ የማይረባ ነገር ሲያገኙ እንደ ንብ ይሰፍሩበታል። ይህ አመላቸው ነው ዛሬ የሚያስለፈልፈኝ።

በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በጥቅምት ሞተ። እርጉዝ ነበረችና በጥር ወንድ ልጅ ወለደች። በመጋቢት ደግሞ ነፋስ ተነሣና ፍም ከምድጃዋ አንሥቶ ጣራዋ ላይ ጣለባት። ጣራው ነደደ። የጭቃ ግድግዳው ብቻ ቀረ። እሷም ልጇን ይዛ ወጣችና ከጎረቤት የጥጃ ቤት ተጠጋች።

እንግዲህ በግራር አፋፍ አንድ ሕግ ነበረ። ክረምቱን ሙሉ ጭስ ያልወጣበት ቤት ጠፍ ነው ይባላል። ጠፍ ከተባለ መሬቱ ለባል ወንድሞች ይሆናል። ሚስቲቱም ልጇን አዝላ ወደመጣችበት ትመለሳለች። አንጓች በመጣችበት አገር ወላጆቿ አልቀዋል፤ በር የሚከፍትላት ሰው የለም። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ፣ ዝናብ የግድግዳውን ጭቃ ሳያጥበው፣ ጣራ ያስፈልጋት ነበር። ይህን ያዙልኝ። ሌላው ሁሉ ዝባዝንኬ ነው።

አያ ደርብ የሚባሉ ቤት ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። አዘኑላትና፦

«አንቺ ልጅ፣ እንጨቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ። ጣራውን ሜዳው ላይ አዋቅረዋለሁ። ማንሣቱ ግን የአርባ ሰው ሥራ ነው። ደቦ ጥሪ» አሏት።

አንጓችም ደቦ ጠራች። የቀራትን ገብስ ሁሉ ጠላ ጠመቀችበት። ሽንብራዋንም ቆላች። ለዘር እንኳ አላስቀረችም። አያ ደርብ ከጉልላቱ እስከ ዳር የሚዘረጋውን ወጋግራ አሰሩ፣ ማገሩን መቱ፣ ጣራው ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያም ቅዳሜ ማለዳ እንገናኝ ተባባሉ።

ረቡዕ ላይ ጓንጉል ከጨው ገበያ ተመለሰ።

ጓንጉል ማለት ጨው ሊያመጣ የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ ጨዋታ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ጨዉን ረስቶታል። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ላም ታልባለች። ገና ሳይቀመጥ፦

«አንቺ፣ አንድ ጨዋታ ተምሬ መጣሁ» አላት።

«ጨዉስ?» አለችው።

«ጨዉን ተይው። ጨዋታው እንዲህ ነው። ጨዋታውን አለማሰብ ነው።»

«የቱን ጨዋታ?»

«ይኼንኑ። ያሰበው ሰው ይሸነፋል። ሲሸነፍ በእጁ የያዘውን ይለቅና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ‹ተሸነፍኩ› ይላል። ያን የሰማም ትዝ ይለዋልና እሱም ይሸነፋል።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና፦ «ታዲያ የሚያሸንፈው ማነው?» አለችው።

«ማንም አያሸንፍም።»

«እንግዲያ እኔ አልጫወትም።»

«አይቻልም። ከሰማሽ ገብተሻል» አላት።

ይህን እንዳላት ትዝ አላትና ማለቢያዋን ለቃ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ወተቱ ፈሰሰ። ጓንጉልም አያትና ትዝ አለው፤ እሱም ጫነ። ላሟ ዞራ ሁለቱን አየቻቸው። በዚህ ተረት ውስጥ እኔ ላሟን ነው የምወዳት።

በማግስቱ የጓንጉል ሚስት ወንዝ ወረደችና ለውሃ ቀጂዎቹ ነገረቻቸው። አራት እንስራ ተሰበረ። ውሃ ቀጂዎቹ ለባሎቻቸው ነገሩ። ባሎቹም እርሻ ላይ ለጎረቤቶቻቸው ነገሩ። አራሹ ትዝ ሲለው ዕርፉን ይለቅና እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። በሬዎቹም ትልሙን ትተው ወደ ሣር ይሄዳሉ። ከዚያም በሬውን የሚመልሰው ሰው ይሮጣል፣ መንገድ ላይ ትዝ ይለዋል፣ ይቆማል። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ዋለ።

ዐርብ ደግሞ ጨዋታው ቤተ ክርስቲያን ገባ። ዲያቆኑ ጥላ ይዞ ሳለ ትዝ አለውና ለቀቀው። ጥላው ቄሱ ራስ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ ቄሱ።

አስረዷቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ዝም አይልም፣ ሁሉም ያስረዳል። ቄሱም ሰምተው፦ «ይህ የልጅ ነገር ነው» አሉ። ሦስት እርምጃ ሄዱና እሳቸውም እጃቸውን ጫኑ።

የዚያኑ ቀን አንዲት አሮጊት አርፈው ቀብር ነበር። አገር ምድሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። የሚያለቅሰውና የተሸነፈው አይለይም። የሟቿ ልጅ ዙሪያዋን ቃኘችና፦ «እናቴ ለካ እንዲህ ትወደድ ኖሯል» ብላ ተጽናናች። እሷ እንኳ ተጽናናች። እኔ ግን አልጽናናም።

ማነው እዚያ እጁን ራሱ ላይ የጫነው? አውርድ። ማን ሞተብህ? በእኔ ቤት እጅ ራስ ላይ አይጫንም፣ ሟርት ነው። እኔ እንዳትጀምሩት ነው የማወራው፤ እናንተ ደግሞ ተረቱ ሳያልቅ ትጀምሩታላችሁ። አንቺም አትሳቂ። ስትስቂለት ይብስበታል።

ቅዳሜ ማለዳ አርባው ሰው መጣ። መጀመሪያ ጠላዋን ጠጡ። እሱን አልረሱም። ሽንብራዋንም ጨረሱ። ከዚያም ሜዳው ላይ ወረዱና ጣራውን ከበቡት። እያንዳንዱ አንዳንድ ወጋግራ ጫፍ ያዘ። አያ ደርብ ግድግዳው ውስጥ ገቡና ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ጣራው ከላይ ሲመጣ ምሰሶውን ከጉልላቱ ሥር የሚያቆም አንድ ሰው ውስጥ መኖር አለበት። የቤት ማንሣት ወጉ ይህ ነው።

«ሆ በል» አሉ አያ ደርብ።

«ሆ» አለ ሰዉ።

ጣራው ከመሬት ተነሣ። ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ግድግዳው ዝቅ ያለ ነበርና ክንዳቸውን ዘርግተው በአንድ ወገን አሳለፉት። ከዚያም ዙሪያውን ከበው ወደ ቦታው ይገፉት ጀመር። አንጓች ልጇን አቅፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶታል።

በዚህ ጊዜ ጓንጉል ትዝ አለው።

«ተሸነፍኩ» አለና ወጋግራውን ለቆ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አጠገቡ ያለው ሰማና ለቀቀ። የዚያ ጎረቤትም ለቀቀ። በዐይን ጥቅሻ አርባው ሰው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ጣራውን የያዘ አንድም የለም። ጣራውም ወደቀ። ግማሹ ግድግዳው ላይ ሆነ፣ ግማሹ ውስጥ። ስድስት ወጋግራ ተሰበረ። የአያ ደርብ እግርም ከሥሩ ቀረ።

ጣራውን ወደ ሜዳው መልሰው ሽማግሌውን አወጧቸው። እግራቸው አብጧል፣ ግን ነፍሳቸው ደህና ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ አንጓች እየመጡ፦

«ይቅር በይን እቴ፣ ጨዋታው ነው እኮ» አሏት።

ጨዋታው ነው። ይህን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እጅህ የራስህ አይደለም ወይ? ማን ገመድ አስሮ ጎተተው? ይህን የጠየቀ ግን አልነበረም። ወደየቤታቸው ሄዱ።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አዳፍሬ ይባሉ ነበር። ነገሩን ሰሙና ተቆጡ። መቆጣታቸው ደግ ነው። ግን ምን አደረጉ? ጣራውን እናንሣላት አሉ? አላሉም። አውጫጪኝ ጠሩ። አውጫጪኝ ማለት ሌባ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ለሌባ መልካም ነው። ሰው ራስ ውስጥ የተሸሸገን ነገር ግን በምን አውጥተህ ታሳያለህ?

አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ይዞ በየሰፈሩ ዞረ።

«ስማ ስማ። ጨዋታውን ያሰበ ሰው ይቀጣል። ያላሰበም ዛፉ ሥር መጥቶ አለማሰቡን ይማል» አለ።

ይህን ሲል ራሱ ትዝ አለው። መምቻውን ጥሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የሰማው ሁሉ ጫነ። ጨዋታውን ሰምተው የማያውቁ የቆላ ሰፈሮች እንኳ በነጋሪት ሰሙት። በጓንጉል አፍ ቢሆን እዚያ ለመድረስ ወር ይፈጅበት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጓንጉል ከሸንጎው መካከል ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጭቃ ሹሙ ግን፦ «ለአንተስ ማን ነገረህ?» አሉት።

«ገበያ ላይ ያገኘሁት አንድ አህያ ነጂ።»

«ለእሱስ?»

«አልጠየቅሁትም ጌታዬ።»

«መጠየቅ ነበረብህ። ተቀመጥ» አሉት።

ከዚያም ማስማል ጀመሩ። አንዱ ይነሣል። «ጨዋታውን አላሰብኩም» ብሎ ሊምል አፉን ይከፍታል። አላሰብኩም ሲል ያስባል። እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። ሸንጎው ሁሉ ተከትሎ ይጭናል። ያኛው ይቀመጥና ሌላው ይነሣል። ሦስት ቀን እንዲህ ተዋለ። ከብቱ ያለ ጠባቂ ይሄዳል፣ ጎተራው ያለ ሰው ይውላል፣ ምሥራቅ በኩል ደመና ይጠቁራል። ጭቃ ሹሙም ጸሐይ እስክትጠልቅ፦ «የሚቀጥለው» ይላሉ።

አንጓች በዚህ ሁሉ ጊዜ ዛፉ ሥር አልታየችም። አያ ደርብ እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው በቃል ይነግሯታል፣ እሷ በመጥረቢያ ትቆርጣለች። አዲስ ወጋግራ ትጠርባለች፣ በልጥ ታስራለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው። ሲያለቅስ ታጠባውና መልሳ ታዝለዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ፦ «ያቺ ሴት ለምን አልመጣችም? ያልመጣ ሰው የሚፈራው ነገር አለው» አሉና አስጠሯት። መጥረቢያዋን እንደያዘች መጣች።

«ማዪ። ጨዋታውን አስበሻል ወይስ አላሰብሽም?» አሏት።

«ሰምቼዋለሁ ጌታዬ። የማስብበት ጊዜ ግን አላገኘሁም» አለች።

በዚህም አላቆመችም።

«ያን ደመና ያዩታል? ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው። ግድግዳዬ ጭቃ ነው። ጭቃው ከታጠበ እኔ ከዚህ አገር ወጣሁ ማለት ነው፤ ከዚህ ልጅ ጋር። የት እንደምሄድ አላውቅም። ስድስቱን ወጋግራ ጠግኛለሁ። ጣራዬን አንሡልኝ። ጠላ እንዳትሉኝ፣ ጠጥታችሁታል። ባዶ ሆዳችሁን ኑ።»

ይህን ብላ ሄደች። መጀመሪያ የተነሣው ጓንጉል ነው። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ። ጭቃ ሹሙ፦ «ሸንጎው ሳይፈታ ወዴት ነው?» አሉ። የሰማቸው የለም። እሳቸውም ብቻቸውን ዛፍ ሥር መቅረቱ ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ ኩታቸውን ሰብስበው ተከተሉ።

ሜዳው ላይ ደረሱ። ጣራውን ከበቡት። ከዚያ ግን ተያዩ። አያ ደርብ መቆም አይችሉም። ታዲያ ምሰሶውን ይዞ ውስጥ የሚቆመው ማነው? ሁሉም መሬት መሬት አየ። አርባ ሰው የሚያነሣው ጣራ ነው፤ የሽማግሌውንም እግር አይተዋል።

«እኔ ልግባ» አለ ጓንጉል።

«አንተ? ምሰሶውን ይዘህ ትዝ ቢልህስ?» አሉት። እውነታቸውን ነው።

«እኔ እገባለሁ» አለች አንጓች።

ሴቶቹ ደነገጡ። «ልጁን እንኳ አውርጂው እንጂ» አሏት።

«ቤቱ እኮ ነው። ከእኔ ጋር ይገባል» አለች። መቀነቷን አጠበቀችና ልጇን እንዳዘለች በበሩ ገባች።

እብደት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እላለሁ። የእኔ ልጅ ብትሆን በጥፊ ነበር የምላት። ግን እስቲ አስቡት። ለምና አይታለች፣ ጠላ ጠምቃ አይታለች፣ ሦስት ቀን ጠብቃ አይታለች። ከዚያ በኋላ ሴት ምን ይቀራታል? የቀራት እሷና ልጇ ነበሩ፤ እነሱን ከጣራው ሥር አቆመች።

ጣራው ተነሣ። ዛሬ ሆ ያለ የለም። ሜዳውን አቋርጠው መጡ። በአንድ ወገን አሳለፉት። ዙሪያውን ከበቡ። ከሥር የአንጓች ድምፅ ይሰማል።

«ገና ነው። ወደ ዛፉ በኩል አምጡት» ትላለች።

እንግዲህ ሰው ‹እንዳታስብ› ተብሎ ምን ያስባል? ሁሉም ዛሬ እንዳላስብ፣ ዛሬስ እንዳላስብ ይላል። የጓንጉል ፊት በላብ ታጠበ። ትዝ አለው። በደንብ ነው ትዝ ያለው። ጣቶቹ ከወጋግራው ላይ ይላቀቁ ጀመር። አንድ ጣት ተነሣ። ሁለተኛው ተነሣ።

ከውስጥ ልጁ አለቀሰ።

ጓንጉል ጣቶቹን መልሶ ጨመቀ። ጥርሱን ነከሰ። ከዚያም በቀስታ፦ «ተሸነፍኩ» አለ። እጁ ግን አልተላቀቀም።

አጠገቡ ያለው ሰማ። እሱም፦ «ተሸነፍኩ» አለ። እንደያዘ ነው። ቀጣዩም አለ፣ የዚያም ጎረቤት አለ፣ ጭቃ ሹሙም አንዱን ወጋግራ ይዘው ነበርና እሳቸውም አሉ። ቃሉ ቤቱን ዞረ። አርባው ሰው በሙሉ ተሸነፈ፤ አርባውም ጣራውን እንደያዘ ነው። አንዱ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

«ጥቂት ወደ ቆላው» አለች አንጓች ከውስጥ።

ጥቂት ወደ ቆላው ገፉት።

«በቃ። አሁን አውርዱት።»

ጣራው ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። ምሰሶው ከጉልላቱ ሥር ገባ። ሰዎቹ ወዲያው አልለቀቁም፤ መቀመጡን እስኪያምኑ ድረስ ይዘው ቆዩ።

ቀስ በቀስ እጆች ነፃ ወጡ። ጨዋታው ደግሞ ደንብ አለው፤ የተሸነፈ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። የጓንጉልም ሁለት እጅ ወደ ላይ መነሣት ጀመረ። በዚህ መካከል አንጓች በር ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አቧራ ብቻ ነው። ልጇን ከጀርባዋ ፈታችና በጓንጉል እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዝልኝ። ምሰሶውን ላስረው» አለችና ተመልሳ ገባች።

ጓንጉልም ያዘ። ሌሎቹ ሣር ተሸክመው ይወጣሉ፣ ይከድናሉ፣ ይወርዳሉ። ዝናቡ ክዳኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጀመረ። ሰዎቹ በዝናብ እየተመቱ ጨረሱ። ግድግዳው አልተነካም። አንጓች ምድጃዋን አቀጣጠለች። ጭሱ ከአዲሱ ክዳን ውስጥ ሲወጣ ከሜዳው ማዶ ታየ፤ ያየው ሁሉ ቤቱ ጠፍ አለመሆኑን አወቀ።

ጓንጉል ደጃፉ ላይ፣ ከጣራው ጥግ ሥር ቆሟል። ልጁ ክንዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። በዚህ ጊዜ ጨዋታው እንደገና ትዝ አለው። ዙሪያውን አየ። እጁ ላይ ያለውንም አየ። ከዚያም ልጁ እንዳይነቃ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ፦

«ተሸነፍኩ» አለ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቂጣውን ቁረሱ፣ እኔን አስቀድማችሁ አጉርሱ። ለማጉረስም እጅ ያስፈልጋል፤ ሁላችሁም ከራሳችሁ ላይ አውርዱ።